ደጀኔ የያዘው ወንበር

ጉልላት ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን በሚያየው ፊልም ሁሉ ውስጥ፣ ከአርባ ዓመት በፊት የጠፋው ታላቅ ወንድሙ ደጀኔ አለ። የጦር ሜዳ ፊልም ቢሆን፣ የሠርግ ፊልም ቢሆን፣ ከተዋንያኑ ኋላ፣ በሩቁ፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዕድሜው አሁንም አሥራ ዘጠኝ ነው።

የጉልላት ሚስት የውብዳር ለምዳዋለች።

«ወንድምህ ዛሬ መርከብ ላይ ነው» ትላለች ሽንኩርት እየላጠች። «ብርድ እንዳይመታው።»

ጉልላት ስለ ልጅነቱ አያወራም። የሚታወቀው ጥቂት ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ወላጅ አልነበራቸውም፤ የሚያድሩት ከአንድ ሲኒማ ቤት ግድግዳ ሥር ነበር፤ ፊልሙን የሚያውቁት ግድግዳውን አልፎ በሚመጣው ድምፅ ብቻ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገቡ የተሰለፉ ቀን፣ ወጣት ለጦር ግንባር የሚለቅም አፈሳ መጣ። ደጀኔን መኪና ላይ ጫኑት። ጉልላትን ቁመቱ አልደረሰም ብለው ተዉት። ከዚያ ወዲህ ሲኒማ ቤት ረግጦ አያውቅም። ቤት ይሻላል። ቤት ፊልሙን ማቆም ይቻላል፤ በቆመ ፊልም ውስጥ ያለን ሰው ደግሞ ማንም አይወስደውም።

አንድ እሑድ ደጀኔ ከፊልሙ ውስጥ ፊቱን ወደ ሳሎኑ አዞረ።

«አንተ ድንክ፣ ሲኒማ ቤት ና እንጂ።»

«እዚሁ እያየሁህ አይደል ጋሼ?»

«ምኔን አየኸው? አውራ ጣት አክላለሁ። ወንበር ይዤልሃለሁ፤ ዛሬ ካልመጣህ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።»

ጉልላት ወደ ሚስቱ ዞረ። «ከገባሁ አልወጣ ይሆናል» አላት።

«ታላቅህ ጠርቶህ እምቢ ትላለህ?» አለች። «ጋቢህን ያዝ።»

ሄደ። የሚታየው ፊልም በአንድ በግ ምክንያት ስለሚካሰሱ ጎረቤታሞች ነበር። ከከሳሾቹ ኋላ ደጀኔ የሰው ቁመት አግኝቶ ታየ። እሱ የተቀመጠው፣ ሰው በሞላበት ሌላ አዳራሽ ውስጥ ነው። አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ ካፖርቱን ዘርግቷል። አንዲት ወፍራም ሴትዮ መጥታ የካፖርቱን እጅጌ ያዘች።

«ሰው አለው» አለ ደጀኔ።

«አርባ ዓመት ሙሉ ሰው አለው! በእንብርክኩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«ይመጣል።»

«እኔ እግሬን አሞኛል ወንድሜ። ልቀመጥበት ነው።»

ጉልላት ተነሳ። ከኋላው «አባባ ዝቅ ይበሉ፣ ጋረዱን!» እያሉ ጮኹ። ይቅርታ ጠየቃቸውና መድረኩን በእንብርክኩ ወጣ። ሸራው ገና እንዳልደረቀ አንሶላ ይቀዘቅዛል። ገልጦ ገባ።

ደጀኔ ካፖርቱን አነሳለት። ሴትዮዋ እያጉረመረመች ሄደች።

«ሸበትክ» አለ ደጀኔ።

«ዘገየሁ ጋሼ።»

«ዝም በል፣ ሊጀመር ነው።»

መብራት ጠፋ። ፊት ለፊታቸው ባለው ሸራ ላይ የጉልላት ሳሎን መጣ። የውብዳር ብቻዋን ተቀምጣ ወደ አዳራሹ ትመለከታለች። ቆይታ ተነሳች። ፊቷ ሸራውን እስኪሞላው ድረስ ቀረበች። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አወጣችና የቴሌቪዥኑን አቧራ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላ ጠረገች። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ሰዎች የረጠበ ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ።