የአማቲቱ ድምፅ

ልብስ ተኳሹን በአንድ ተከታታይ ድራማ ወዳጆች የስልክ ቡድን ውስጥ «ምላጭ» ይሉታል። የያዘውን ሁሉ ሳያደማ ስለማይለቅ ነው። ላውንደሪው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዞ ሲቆም ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ቡድኑ ውስጥ ግን አፉን ሲከፍት ሺህ ሰው ይስቃል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሰው መቼም የሚስቅለት ካገኘ ልጓም የለውም።

ድራማው ከባሕር ማዶ መጥቶ በአማርኛ ድምፅ የተሰጠው ነው። አንዲት ሐር ለባሽ፣ ኩሩ አማት አለችበት። ድምፅ የምትሰጣት ሴት ማን እንደሆነች አይታወቅም፤ ስሟም አይጻፍም። ድምፅ ሰጪዋ ግን ለሐሩ ደንታ ሳትሰጥ፣ አጥር ላይ ቆማ ልጅ እንደምትጣራ ጎረቤት በአፍንጫዋ እየጎተተች ነው የምትናገረው። የአማቲቱ ልጅ ባዘነ ቁጥር «ቀና በል አንተ! ማን ሞተብህ?» ትለዋለች።

ቡድኑ በዚህች ንግግር አበደ። ከየክፍሉ በኋላ አባላቱ የአማቲቱን ድምፅ እያስመሰሉ ቀድተው ይልካሉ፤ አንዱ ስለጠፋ መብራት፣ ሌላው ስለማይመጣ ታክሲ። ምላጭን የሚስተካከለው አልተገኘም። ድምፁን አቅጥኖ፣ በአፍንጫው ጎትቶ፣ «ቀና በል አንተ! ማን ሞተብህ?» ያለው ለተጨማደደ የሸሚዝ ኮሌታ ነበር። ያቺ ቅጂ ከስልክ ስልክ ዞረች። እሱም ሞቅ አለውና «ይቺን ሴትዮ ለቴሌቪዥን ጣቢያው ጽፈን እናስቀይራት» ሲል ለጠፈ። ሰዉም ጻፈ።

ዛሬ ከሰዓት ጣቢያው ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የአማቲቱ ድምፅ እንደሚቀየር አስታወቀ። ቡድኑ ቀለጠ። «ምላጭ ቆረጣት!» ይላሉ። ካውያውን አስቀምጦ አብራው ለምትሠራው አጣቢ አነበበላት።

«እሰይ ልበልህ?» አለችው፣ አንሶላውን እየጨመቀች። «የሰው ጉሮሮ ዘግተህ ትስቃለህ?»

«ቀልድ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«የአንተስ ቀልድ ነው። ሥራዋም ቀልድ ነበር? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»

ሳቀባት። ግን ነገሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት፤ ከሥራ እስኪወጣም ድረስ ስልኩን አልነካም።

ቤት ሲደርስ ታላቅ እህቱ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ትታ ያሳደገችው እሷ ናት። ዝግ ያለ ድምፅ አላት፤ ስታወራ ጆሮ ቀረብ ማድረግ ይጠይቃል። ቢሮ ነው የምሠራው ትላለች፤ የምን ቢሮ እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም።

«ምነው እታለም፣ በጊዜ?»

«ወንድም ዓለም፣ ሥራ ፈታሁልህ።»

«ከቢሮ?»

«የምን ቢሮ? ለማንም እንዳትናገሩ ብለው አስፈርመውን ነው እንጂ። ያ ድራማ አለ አይደል፣ አማቲቱ ያለችበት? ድምፅዋ እኔ ነበርኩ።»

ክው አለ። አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«ለምን... ለምን እንደዚያ አድርገሽ ታወሪያት ነበር?» አለ።

«የእማዬ ድምፅ ነዋ።» እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። «አንተ አፍህን ሳትፈታ ነው የሞተችው። ፎቶዋን አይተሃል፤ ድምፅ ግን ከየት ይመጣል? የሚሰጡን የድራማው ጽሑፍ ላይ ‹አትዘን› ነበር የሚለው። እማዬ አትዘኚ ብላኝ አታውቅም። ወድቄ ሳለቅስ ‹ቀና በይ አንቺ! ማን ሞተብሽ?› ነው የምትለኝ። ድራማው ሲያልቅ አጠገቤ አስቀምጬህ፣ ‹ይኸውልህ፣ እናትህ› ልልህ ነበር።»

«እሺ አሁን አሰሚኝ።»

«ስሞክር ዋልኩ፤ እምቢ አለኝ። አፌን ስከፍት የሰዉ ሳቅ ነው የሚመጣብኝ።» ትንሽ ፈገግ አለች። «አንድ ምላጭ የሚሉት አለ፤ የሚገርምህ ከእኔ ይልቅ እማዬን የሚመስላት እሱ ነው። እየሰደበኝ እንደሆነ እያወቅኩ ደጋግሜ ሰማሁት።»

ዝም ማለት ይችል ነበር። የሚያውቅበት የለም፤ ስሙም ፊቱም ቡድኑ ውስጥ የለም። እጇ ግን ጉልበቱ ላይ ነው፤ እሱን ስታጥብ፣ ስታጎርስ የኖረች እጅ። አፈረ። በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለገው፤ አፉ ላይ ያለችው ግን ያቺ ንግግር ብቻ ነበረች።

አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ በአፍንጫው ጎትቶ፣ «ቀና በይ አንቺ» አለ። «ማን ሞተብሽ?»

እጇን ከጉልበቱ ላይ አነሳች። ትክ ብላ አየችው፤ ማን እንደሆነ ለመለየት እንደቸገራት ሰው። እሱ ቀና ማለት አልቻለም።

በመጨረሻ «ድገመው» አለችው።

ቀና ሲል ዓይኗን ጨፍናለች፤ የእሱን ፊት ሳታይ እናቷን ለመስማት።

ደገመው።