ግድግዳ ላይ የወጣው አሳ ጠባሽ

አሳ ጠባሹ መሞቱን የሰማው ከሐይቅ ሲመለስ ነው።

ለሁለት ቀን ያህል ከሰፈር ጠፍቶ ነበር። የት እንደሚሄድ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ሐይቁ ዳር አሳ በርካሽ የሚሸጡ አጥማጆች አሉ የሚል ወሬ ደርሶታል፣ ወሬው ደግሞ ማዶ ጥግ ያሉት ተፎካካሪዎቹ ጆሮ እንዲገባ አልፈለገም። ሱቁን ቆልፎ፣ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። የስልኩ ባትሪ እዚያው ሐይቅ ዳር ሞተ። እሱ ግን በደህና ተመልሶ፣ በበረዶ የታሸገ የአሳ ሣጥን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በማለዳ ወደ አሮጌው ሰፈር እያዘገመ ነበር።

መጀመሪያ ያገኘው መኪና ጠባቂውን ነው። «እንዴት አደርክ?» አለው። መኪና ጠባቂው መልስ በመስጠት ፈንታ የትኬት ጥራዙን ጥሎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከቆመች መኪና ጋር ተላተመ። አሳ ጠባሹ ሰውየው ዛሬስ መጠጡን በጠዋቱ ጀምሮታል ብሎ ታዝቦት አለፈ። ቀጥሎ ሾርባ ሻጯ አየችውና ጭልፋዋን ከነእጀታው ድስት ውስጥ ለቀቀችው። ጫማ ሰፊውም መርፌውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጫማ ሰፊው ደግሞ መጠጥ የሚባል ነገር በአፉ ዞሮ አያውቅም።

ሰፈሩ ከከተማው ሁሉ ቀድሞ የተቆረቆረ ነው። የድንጋይ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። የእንጨት ሰገነቶቹ ከመንገዱ በላይ በጣም ከመቀራረባቸው የተነሳ፣ ከወዲህ ያለችው ሴት ከወዲያ ላለችው ጨው ልታቀብላት ትችላለች። ነገር ዓለሙ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ልብስ ሰፊው የነበረበት ቤት መጽሐፍ ይሸጥበታል። የከሰል መጋዘኑ የሥዕል ማሳያ ሆኗል፤ ከሰሉን ያወጡት ሰዎች ግድግዳውን ሳያጥቡ ስለሄዱ፣ አዲሶቹ ባለቤቶች «እንዲህ ሆኖ ነው የሚያምረው» ብለው ጥላሸቱን እንዳለ ትተውታል። ቅዳሜና እሑድ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ይጎርፋል። በአንድ እጁ የተጠበሰ ድንች፣ በሌላው ስልክ ይዞ፣ ወደ ላይ አንጋጦ ሲሄድ ከመብራት ምሰሶ ጋር የሚጋጨው ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው የሳበው ግድግዳው ነው። የሰፈሩን ግማሽ ያዋለደችው አዋላጅ ስታርፍ፣ አንድ ሠዓሊ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሕፃን አሳቅፎ ሳላት። ከዚያ የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ ሞተና ተሳለ፤ ፀጉር አስተካካዩም ተከተለ። መኪና የገጫት የጫማ ሰፊው ፍየል እንኳ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ቅጠል ስትበላ ትታያለች። ማንም ሕግ አላወጣም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል፦ በዚህ ሰፈር ግድግዳ ላይ የሚወጣ የሞተ ብቻ ነው። ከሥሩ አበባ ይቀመጥለታል፣ አላፊ አግዳሚውም «ነፍስ ይማር» ይላል። ለፍየሏም ሳይቀር የሚል አለ።

ይህን ያላወቀች አንዲት ወጣት ሠዓሊ ነበረች። ከከተማው ሌላ ጫፍ መጥታ፣ ከአሳ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ካፌ በሰጣት ሥራ ሳምንቱን ሙሉ ውስጥ ስትስል ሰነበተች። ምሳዋንም እራቷንም የምትበላው አሳ ጠባሹ ጋ ነበር፤ አሳውም ሰውየውም አንጀቷን አራሱት። ሥራዋን ስትጨርስ ሱቁ ተቆልፎ አገኘችው፤ ቀለም ደግሞ ተርፏታል። እንግዲህ ሲመለስ ይደሰት ብላ፣ በአሳ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከነሽርጡ፣ ከነጭልፋው፣ ፎቅ አሳክላ ሳለችውና ዕቃዋን ጠቅልላ ሄደች። ሰፈሩ ጠዋት ሲነሳ ሱቁ ተቆልፏል፣ ስልኩ አይሠራም፣ ሰውየው ግድግዳ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

አሳ ጠባሹ ጥጉን ሲታጠፍ ከራሱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ክው አለ። አፍንጫው ትንሽ ተለቅ ማለቱን ካልቆጠሩት ቁርጥ እሱን ነው። ከሥሩ የአበባ ክምርና የሚነድ ሻማ አለ። ጎብኚዎች ከብበው ቆመዋል፤ አስጎብኚዋ ጃንጥላዋን ወደ ሥዕሉ ቀስራ ታስረዳለች።

«እኚህ ሰው ያረፉት በዚህ ሳምንት ነው» አለች በሐዘን። «በሰፈሩ የቀሩት የመጨረሻው አሳ ጠባሽ ነበሩ። ደግሞ እጃቸው የተፈታ ቸር ነበሩ፤ የተራበ ሰው ካዩ ሳያበሉ አያልፉም።»

አሳ ጠባሹ ከኋላ ሣጥኑን እንደተሸከመ ጆሮውን ጣል አደረገ። በዕድሜው ለማንም አንዲት ጭራ በነፃ ሰጥቶ አያውቅም። «የመጨረሻው» ስትል ግን፣ ምነው ማዶ ያሉት በሰሟት ብሎ ተመኘ። ሞት እንዲህ ስም የሚያሳምር ከሆነ ትንሽ ሞቶ ቢቆይ ምን አለበት? ወዲያው ግን ዓይኑ ሻማው ላይ አረፈ። እሷስ ሰምታ ይሆን?

እሷ ማለት ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ነች፤ አሳ መጥበስንም ያስተማረችው እሷው። ቤቱን እኩል ተካፍለው ሲኖሩ ሰፈሩ ተወደደ፣ ካፌ ከፋቾቹ መጡ፤ እሷም ድርሻዋን ሸጣ ከከተማው ዳር ወዳሉት አዳዲስ ፎቆች ገባች። «የእናታችንን መኝታ ቤት ለኬክ ሸጥሽው» አላት። «ጣሪያው በላዬ ላይ ሊወርድ ሲል የት ነበርክ?» አለችው። ቃል ቃልን እያመጣ ሄዶ በመጨረሻ «ብሞት እንዳትቀብረኝ» አለችው። «እኔም ብሞት እንዳትቀብሪኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው ዓመታት አለፉ። ታላቅ እሷ ናት፣ እሷ ትደውል ይላል እሱ። እሷ ምን እንደምትል አያውቅም። ቢሞት ትመጣ ይሆን ወይስ እንዳትቀብሪኝ ያላትን ይዛ ትቀር ይሆን የሚለው ግን እንቅልፍ ሲነሳው ኖሯል።

አሁን መልሱ በሚኒባስ መጣ። ለካ ጫማ ሰፊው ደውሎላት ኖሯል። በሩ ተከፈተና ጥቁር የለበሱ ሴቶችና ጥቂት ሽማግሌዎች ድስትና ትሪ እንደያዙ ይወርዱ ጀመር። ከፊት እህቱ፣ ከኋላዋ የፎቁ ጎረቤቶቿ። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ እሱ ሲያውቃት ጥቁር ነበር። ምን እንደነካው እንጃ፣ «እትዬ» ብሎ በመሮጥ ፈንታ ሣጥኑን ይዞ በጓሮ በር ወደ ሱቁ ሾለከ። በብረት መዝጊያው ቀዳዳ አጮልቆ ያይ ጀመር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግን ስንቱ ሰው ነው ከሞተ በኋላ የሚባልለትን ለመስማት የሚታደለው?

እህቱ ግድግዳው ሥር ደርሳ ቀና አለች። ጎብኚዎቹ መንገድ ለቀቁላት።

«አንተ ግትር» አለች። «ሳትነግረኝ ትሞታለህ?»

አሳ ጠባሹ ጆሮውን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ።

«እንዳትቀብሪኝ ስትለኝ እኔ እሺ አልኩህ? በል ንገረኝ፣ እሺ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል? የጫማህን ክር እያሰርኩ ትምህርት ቤት የወሰድኩህ እኔ አይደለሁም? ዛሬ ይደውላል፣ ነገ ይደውላል እያልኩ ስልኬን ትራስጌ አድርጌ ስተኛ…» መዳፏን በሥዕሉ ጫማ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ በላይ አልደረሰላትም። «የት ነው የቀበሩህ? ማን ነው የቀበረህ? ከእኔ ሌላ ማን አለህና?»

አሳ ጠባሹ ሲመኘው የኖረውን ሁሉ ሰማ። ድሉ የእሱ ነው፤ ቀድማ የመጣችው እሷ ናት። ግን ደስ አላለውም። ዓይኑ በእንባ ተሞላ። መዝጊያውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ገፋው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። አልሞትኩም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሰፈሩ ያለው ሰው ሁሉ በየራሱ መንገድ ነው የሚያወራው። አስጎብኚዋ ጃንጥላዋን ጥላ ካፌ ውስጥ መግባቷ እርግጥ ነው። ከሐዘንተኞቹ አንዷ ድስቷን እንደታቀፈች ሚኒባሱ ውስጥ ተመልሳ በሩን ዘጋች። ጎብኚዎቹ ነገሩ ሁሉ ለእነሱ የተዘጋጀ ትርዒት መስሏቸው አጨበጨቡ። እህቱ ግን አልሸሸችም፣ አልጮኸችምም። ቀስ ብላ ቀርባ ጉንጩን በጣቶቿ ዳበስ አደረገችው። ሙቅ መሆኑን ስታረጋግጥ በዚያው እጇ በጥፊ አጮለችው።

«ሰው ሳይሞት ይሳላል?» አለች።

«እኔ ምን አደረግኩ? አሳ ልገዛ ሄጄ ነው የሳሉኝ።»

የካፌው ባለቤት ወጥቶ የሠዓሊዋን ነገር አስረዳ። እህቱም ሰማች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ሻርፗን አስተካከለች፤ ፊቷም እንደገና ተዘጋ። «እንግዲህ ካለህ ኑር» ብላ ወደ ሚኒባሱ ዞረች። ለቀስተኞቹ ግን ከሩቅ መንገድ መጥተዋል፣ ርቧቸዋልም። አንዱ ሽማግሌ ድስቶቹን አየት አድርገው፣ «ለቅሶው ከቀረ ምግቡ ምን በደለ?» አሉ። ይህን የሚቃወም አልተገኘም።

አግዳሚ ወንበር ከካፌው ወጣ። ድስቶቹ ተከፈቱ። አሳ ጠባሹ ምድጃውን ለኮሰ፣ የሐይቁን አሳ ከበረዶው አውጥቶ ጠረገው፣ ዱቄት ላይ አንከባሎ ዘይት ውስጥ ለቀቀው። ዘይቱ ሲንጫጫ ሽታው መንገዱን ይዞ ሄደና የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ እየጎተተ አመጣው። ሾርባ ሻጯ ከነድስቷ መጣች። መኪና ጠባቂውም ዓይኑን ከአሳ ጠባሹ ላይ ሳይነቅል ራቅ ብሎ ተቀምጦ በላ። ጎብኚዎቹ ሐዘንተኛና ነዋሪ ሳይለዩ መሃል ገብተው ተቀመጡ።

እህቱ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ፊቷን ወደ ሥዕሉ አዙራ ተቀምጣለች። «እንዳትቀብረኝ ያልኩህ ቃሌ እንዳለ ነው» ብላ ለሥዕሉ ነገረችው። «የመጣሁት ላጣራ ነው።»

አሳ ጠባሹ ይህን ሲሰማ ቅድም የራራው ልቡ እንደገና እልህ ያዘው። አሁንም አትሸነፍም? በቀዳዳው የሰማውን ሁሉ ሰው ፊት ሊያወጣው ቆረጠ። ቀድመሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ፣ ስልክ ትራስጌ አድርገሽ የምትተኚው አንቺ ነሽ ሊላት፣ ሰፈሩም ጎረቤቶቿም ምስክር ሊሆኑለት። የተጠበሰውን በትሪ ሞልቶ፣ ቃሉን ምላሱ ጫፍ ላይ አዘጋጅቶ ወደ ወንበሮቹ ሄደ።

ከሁሉም ፈጥና የምትበላው ወፍራም፣ ሳቂታ ጎረቤቷ ቀና ብላ አየችው።

«እርስዎ ነዎታ በየቅዳሜው አሳ የሚልኩላት» አለችው።

አሳ ጠባሹ ትሪውን እንደያዘ ቆመ። «እንዴት?»

«ታዲያ እኛም አብረን ነው የምንበላው። ‹ወንድሜ ላከልኝ› እያለች በየበራችን ታዞራለች። ‹ሥራ በዝቶበት እንጂ ራሱ ይመጣ ነበር› ትለናለች። እንዲህ ያለ ወንድም ምነው ለእኔ ብዬ ስንቴ ቀንቻለሁ መሰልዎት። ብቻ ትኩሱን ሲበሉት ለብቻው ነው። እኛ ጋ ሲደርስ እኮ ጣዕሙም ይለወጣል።»

አሳ ጠባሹ አሳ ቀርቶ አጥንት ልኮላት አያውቅም። ወደ እህቱ ተመለከተ። አልዞረችም፤ የሻርፗን ጫፍ ግን በጣቶቿ መሃል ታፍተለትላለች። ስለዚህ በየቅዳሜው የሆነ ቦታ ሄዳ፣ የሌላ ሰው አሳ ገዝታ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥታ፣ በእሱ ስም ስታካፍል ኖራለች። የማያውቋት ሰዎች መሃል ስትገባ ወንድም የሌላት እንዳትመስል። ያዘጋጀው ቃል አሁንም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ሁሉም ሰው እያየው ነው። እሷም ጀርባዋን እንደሰጠች የሚናገረውን ትጠብቃለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። «መንገዱ ሩቅ ሆኖ በርዶ ነው የሚደርሳችሁ፣ ይቅርታ። ሎሚውስ ይደርሳችኋል?»

«ሎሚ?» አለች ጎረቤቲቱ። «የምን ሎሚ? ሎሚ አይተን አናውቅም።»

እህቱ ቀስ ብላ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሯ ግን ሳቅ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም።

«ሎሚውን ሁሌ ይረሳል» አለቻት ለጎረቤቷ። «ከልጅነቱም ዝንጉ ነው።»

«የዚህን ቅዳሜ አልረሳም» አለ አሳ ጠባሹ። «እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ስንተኛ ፎቅ ነበር ያልሽኝ፣ እትዬ?»

«አራተኛ» አለችው። «ደረጃው ያደክማል፤ እያረፍክ ውጣ።»