በፎቶ ልክ የተሠራ ገነት

የአረጋውያን መጦሪያው ዳይሬክተር፣ ውርጩ የውጪውን ቧንቧ በሚያፈነዳበት ወር፣ ወደ ሞቃት አገር ሄደ። ለምን ሄድክ ቢሉት መልሱ «ለልምድ ልውውጥ» ነው። ምን ልምድ ሰጥቶ ምን ልምድ እንደተቀበለ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፤ ብቻ በአሥራ አምስተኛው ቀን ፊቱን ፀሐይ አጥቁሮት፣ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አስፍቶ፣ አንድ ፎቶ ይዞ ተመለሰ።

ፎቶውን ያነሳው ካረፈበት ሆቴል ሰገነት ላይ ቆሞ፣ ቁልቁል ነው። በረጅም ግንብ የታጠረ ግቢ ይታያል። ሁለት ቀጫጭን የውሃ ቦዮች መሀል ላይ ተገናኝተው ግቢውን አራት ቦታ ይከፍሉታል፤ መገናኛቸው ላይ ትንሽ ገንዳ አለ፤ በአራቱም ክፍል ብርቱካን ተተክሏል፤ ዙሪያውን ባለቅስት በረንዳ ከቦታል። ሙስሊሞች ከጥንት ጀምሮ ጀነትን እያሰቡ የሚሠሩት ዓይነት የአትክልት ስፍራ ነው።

«እዚያ ሰገነት ላይ ቆሜ ጭንቀቴ ሁሉ ጥሎኝ ሲሄድ ተሰማኝ» አለ ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን ሰብስቦ። የምን ጭንቀት ነበረብህ ያለው ሰው የለም። «ይህንኑ መጽናናት ለአረጋውያኖቻችን አመጣለሁ። በዚህ ብርድ፣ በዚሁ ግቢ!»

ተጨበጨበ። ከኋላ የቆመው አትክልተኛ ግን እንደ ሌላው ለይስሙላ አላጨበጨበም፤ ከልቡ ነበር። አባቱ ከሞተ በኋላ ሰው ያደረጉት አክስቱ በምሥራቁ ክንፍ ዘጠኝ ቁጥር ክፍል ይኖራሉ። እሱን አሳድገው ሲያበቁ ሠላሳ ዓመት ሞቃት አገር በሰው ቤት ሠርተው፣ አርጅተው ሲመለሱ የዚህ አገር ብርድ አጥንታቸው ውስጥ ገባ። ወደ መጦሪያው አልገባም ሲሉ ያግባባቸው እሱ ራሱ ነው። «ቤቱ ይሞቃል አክስቴ፤ በየክፍሉ ማሞቂያ አለ» ነበር ያላቸው። አክስቱም ሌላ ነገር ሳይጠይቁ፣ ይሞቃል የምትለዋን አንዲት ቃል ይዘው ሻንጣቸውን ዘጉ።

ሥራው ተጀመረ። የውስጠኛው ግቢ የመስታወት ጣሪያ ለበሰ፤ አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ፎቶው የበር መዝጊያ አክሎ ታትሞ ስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የኮሚቴው ሕግ አንድ ነው፦ ከፎቶው ስንዝር ንቅንቅ የለም። ግቢው ለምን አራት ቦታ እንደሚከፈል ያወቀ አልነበረምና አራቱ ክፍሎች ለአስተዳደር፣ ለጤና፣ ለምግብና ለንብረት ክፍል ታደሉ፤ በእያንዳንዱም ላይ ታፔላ ተተከለ። ፎቶው ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ ባልዲ ነበር። ትርጉሙ ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ በመጨረሻ «ጥልቅ ምሥጢር ያለው ይመስላል» ተብሎ ባልዲ ተፈለገ፤ የተገኘው አረንጓዴ ስለነበረ ቀለም ተቀባ። ግንቡ ላይ የተኛች ድመትም ነበረች። ድመት መጣች፤ እንድትተኛ ግን በደብዳቤ ማዘዝ አልተቻለም።

ብርቱካኖቹ በትላልቅ ሸክላ ገብተው በሦስተኛው ቀን ቅጠል ማርገፍ ጀመሩ፤ በረዳቸው። ለማሞቂያዎቹ ውሃ የሚያፈላው ቦይለር ደግሞ አሮጌ ነው፣ አቅሙ ሁሉን አያዳርስም። ዳይሬክተሩ አሰበና «የምሥራቁ ክንፍ ማሞቂያ ለጊዜው ወደ አትክልቱ ይዙር» ሲል አዘዘ። የቧንቧውን መዝጊያ ቫልቭ ያዞረው አትክልተኛው ነው፣ በገዛ እጁ። ምን አለበት አለ በልቡ፣ አረጋውያኑ ቀን ቀን ወርደው እዚያው መሞቃቸው አይደል? በማግስቱ ጠዋት ሲመጣ የመስታወቱ በር ላይ ጽሑፍ ተለጥፎ አገኘ፦ «የመጽናኛ ስፍራ። መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ከምሥራቁ ክንፍ ሃያ ሁለት አረጋውያን ሃያ አንዱ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው በየኮሪደሩ መስኮት ላይ ተደርድረው፣ ታች ብርቱካን ሲሞቅ ያያሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የአትክልተኛው አክስት ግን መስኮት ድረስ የሚሄዱበት አቅም አልነበራቸውም፤ ሳል ጀምሯቸዋል። ነርሷ አትክልተኛውን ኮሪደር ላይ ስባ «ሳሉ ወደ ሳንባ ከወረደ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም፤ መድኃኒታቸው ሙቀት ነው» አለችው።

ሮጦ ወደ ዳይሬክተሩ ሄደ።

«ጌታዬ፣ አረጋውያኑ ቀን ቀን አትክልቱ ውስጥ ቢቀመጡስ?»

«ምን ላይ?»

«አግዳሚ አስገባለሁ።»

ዳይሬክተሩ ክንዱን ይዞ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ወሰደውና ፎቶው ፊት አቆመው። «አግዳሚ ይታይሃል?»

«አይታየኝም።»

«ሰውስ?»

«ሰውም አይታየኝም።»

«እኔ ከልክዬ ይመስልሃል? የከለከለው ፎቶው ነው» አለ ዳይሬክተሩ በሐዘኔታ። «ደግሞ ሐሙስ የበላይ ኃላፊው ለምርቃት ይመጣሉ። ከእኔ ቢሮ መስኮት ሆነው፣ እኔ እንዳየሁት ቁልቁል ነው የሚያዩት። ሽማግሌና ባልቴት ከሞላበት መጽናናቱ የት አለ?»

አትክልተኛው አንገቱን ደፍቶ ዘጠኝ ቁጥር ገባ። አክስቱ በሦስት ብርድ ልብስና በእሱ ካፖርት ተጠቅልለው ተኝተዋል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፎቶውን፣ ግቢውንና ቦዮቹን ነገራቸው፤ ሁሉንም ተናዘዘ፤ ቫልቩን ያዞርኩት እኔ ነኝ አለ፤ ይሞቃል ብዬ አምጥቼ ያበረድኩዎት እኔ ነኝ አለ። እንባው መጣ።

አክስቱ ግን ሳሉ እስኪያልፍ ጠብቀው ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት የጠረግሁት ግቢ እኮ ነው የምትነግረኝ! የአሠሪዬ ቤት እንደዚህ ነበር። ግቢውን አራት የሚከፍሉት ቦዮች የጀነት አራት ወንዞች ምሳሌ ናቸው ትለኝ ነበር። በብርዱ ጊዜ ፀሐይ ያለበት በረንዳ፣ በሙቀቱ ጊዜ ጥላ ያለበት በረንዳ እየዞርን እንቀመጣለን። ውሃውንስ? ጣት የምታህል ነው የሚለቁት፤ ውሃ ብርቅ ነዋ! ትንሽ ስለሆነች ነው የምትዘምረው።»

«ውሃውን የሚገፋው የእኛ ፓምፕ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ ተዘግቷል።»

«ሙሉውን ከፍታችሁበት ነዋ። በል ተነስ፣ ፎቶውን አሳየኝ።»

በምሳ ሰዓት ደግፎ ወሰዳቸው። አክስቱ መነጽራቸውን ጠርገው ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ባልዲው ጋ ሲደርሱ «ይሄማ የአትክልተኛው ነው፤ ረስቶት ሄዶ» አሉ። አትክልተኛው ትዝ ያለው ባልዲው የፈጀው ሁለት ስብሰባ ነው። ከዚያ ጣታቸው በስተግራ ካለው ቅስት ሥር ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ጠጋ ብሎ አየ። ከጥላው ጫፍ ላይ ሁለት ትናንሽ ጥቁር ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ጫማ ነው፣ አክስቴ።»

«ጫማውን እዚህ ያወለቀ ሰው ወዴት ሄደ?» አሉና እሱ እስኪገባው ጠበቁት።

ረቡዕ ከሰዓት ኮሚቴው ሲሰበሰብ አትክልተኛው እጁን አውጥቶ ከቅስቱ ሥር ያሉትን ጥቁር ነገሮች ጠቆመ። የኮሚቴው ጸሐፊ አጉሊ መነጽር ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። «ጫማ ነው» አለች። «ጥቁር፣ ጥንድ፣ አንድ።» ዳይሬክተሩ ዘሎ ተነሳ፤ ምርቃቱ ነገ ነው! ባልዲ ያላለፈው ኮሚቴ ጫማ እንዴት አለፈው?

«አሁኑኑ ይገዛ!»

«ባለቤቱስ ጌታዬ?» አለ አትክልተኛው ቀስ ብሎ።

«የምን ባለቤት?»

«የጫማው ነዋ። ጫማ በእግሩ መጥቶ አይወልቅም። እንግዳው ከላይ አይተው የማን ነው ቢሉ ምን እንላለን?»

አንድ ሰዓት ተከራክረው ቃለ ጉባኤው እንዲህ ተጻፈ፦ «በጥላ ምክንያት በፎቶው ያልታየ ተቀማጭ ሰው፣ ብዛት አንድ፣ ጫማውን ያወለቀ።» ለቦታው ልምድ ያለው ሰው ያስፈልጋል ተባለ። አትክልተኛው አክስቱ እንደዚህ ባለ ግቢ ሠላሳ ዓመት መሥራታቸውን አስረዳ። ዳይሬክተሩ የራሱን አሥራ አምስት ቀን አስቦ ትንሽ ቅር አለው፤ ግን ጊዜ አልነበረውም፣ ፈረመ።

አትክልተኛው ደስታው ሊያፍነው ደርሶ ዘጠኝ ቁጥር በረረ። አክስቱ እስከ መጨረሻው ሰሙትና «ሃያ አንዱስ?» አሉ።

«ምን ላድርግ አክስቴ? ፎቶው ላይ ያለው አንድ ጥንድ ጫማ ነው። እሱም በስንት መከራ።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ አክስቱ። በልጅነቱ የሚያውቃት ፈገግታ ግን ከንፈራቸው ላይ ነበረች።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ አክስቱን ከቅስቱ ሥር፣ ምንጣፍ ላይ አስቀመጣቸው። ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አኖሩ። እሱ፣ እንግዳው የዛፍ ስም ቢጠይቁ እንዲመልስ፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ እንዲቆም ታዝዟልና ወጣ። የበላይ ኃላፊው አራት ሰዓት ላይ ከውርጩ ገቡ፤ እጃቸው ቀልቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ንግግሩን አደረገ፤ ከዚያ መጋረጃውን ገለጠና «እነሆ መጽናናት!» አለ።

ታች፣ በቦዮቹ ዳርና ዳር፣ የምሥራቁ ክንፍ በሙሉ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ቁጭ ብሏል። የአስተዳደር ክፍል ታፔላ ላይ የአንዲት እናት ፎጣ ተሰቅሏል። አንድ ሽማግሌ ሰማያዊውን ባልዲ ደፍተው ተቀምጠውበታል። ድመቷ ጭናቸው ላይ ተኝታለች፣ ያለ ደብዳቤ።

ዳይሬክተሩ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ፤ አትክልተኛውም፣ እንግዳውም ተከተሉት። የመስታወቱን በር በርግዶ «ማን ፈቀደላችሁ?» ብሎ ጮኸ። «ፎቶው ላይ አንድ ሰው ነው! አንድ ጥንድ ጫማ!»

«አንድ ጥንድ ነው እንጂ ልጄ» አሉ አክስትየው ከምንጣፋቸው ሳይነሱ። «ያወለቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። እነሱ ጫማቸውን እንዳደረጉ ነው የገቡት።»

ዳይሬክተሩ የሃያ አንዱንም እግር አየ። እውነትም አንድ ያወለቀ የለም። በጥላው ውስጥ ጫማቸውን ያደረጉ ስንት ሰዎች እንደነበሩ ፎቶው አልተናገረም፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ቁልቁል ሲያይ እንጂ ወርዶ ሲያይ አልኖረም።

የበላይ ኃላፊው አልፈውት ገቡ። የቀላ እጃቸውን አፋትገው ጎንበስ አሉና የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ።

«ኧረ ተዉ ጌታዬ፣ አያውልቁ!» አሉ አክስትየው። «ሁለት ጥንድ ከሆነ ኮሚቴው ይጨነቃል።»

ኃላፊው ሳቁ፤ ክራቸውን መልሰው አስረው ባልዲው አጠገብ ቁጭ አሉ። አትክልተኛው ወደ ፓምፑ ሄዶ ጣት በምታህል ልክ ከፈተው። ውሃዋ በቦዩ መጣች፣ ገንዳው ጋ ስትደርስ ድምፅ አወጣች፤ ሃያ ሁለቱም ወሬያቸውን አቆሙ። አክስቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የፊታቸው ወዝ ተመልሷል። አትክልተኛው ያን ሲያይ ብርቱካን የሚያይ መስሎ ዞረ።

ዳይሬክተሩ በሩን ይዞ እንደቆመ ነው፣ አንድ እግሩ ውስጥ አንድ እግሩ ውጪ። ከኋላው የኮሪደሩ ቅዝቃዜ ይገባል።

«ልጄ» አሉት አክስትየው፣ ሳል ሳያቋርጣቸው፣ «ወይ ግባ ወይ ውጣ። ብርድ አስገባህብን።»