ሚስ ኬሊ አትመርቅም

ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር እንግሊዝኛ እንደማልችል የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን የምትነግረኝ ሚስ ኬሊ እስክትመጣ መጠበቅ ነበረብኝ።

ሚስ ኬሊ የመጣችው በካርቶን ነው። አንድ ፒክአፕ መኪና ከዋና ከተማ አርባ ታብሌት፣ አንድ የኢንተርኔት ሳህንና አንድ ባነር ጭኖ ሰፈራችን ላ ኩርቪታ ደረሰ። ባነሩ ላይ የኛን የማይመስሉ፣ ፀጉራቸው በደንብ የተበጠረ ልጆች ይስቃሉ። ታብሌቱ ሲከፈት አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ "እንደምን አደርክ፣ ኬሊ እባላለሁ" ትላለች። ልጁ ይመልሳል፣ እሷ ነጥብ ትሰጣለች። ከመቶ ሰባና ከዚያ በላይ ያገኘ አረንጓዴ፣ ያላገኘ ቀይ ይሆናል። ዕቃውን ያመጡት ሰዎች ባነሩን ሰቀሉ፣ ከባነሩ ጋር ፎቶ ተነሡ፣ ምሳ በሉና ሄዱ። የአስተማሪዎች ሥልጠና የተባለው ይኸው ነበር።

እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከቤዝቦል የሬዲዮ ስርጭትና ከአንድ መዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላቱ የኋላ ግማሹ ተገንጥሎ ስለጠፋ የላ ኩርቪታ ልጆች ለብዙ ዓመት እንግሊዝኛን የሚያውቁት እስከ ግማሹ ነበር። ሰዎቹ የሄዱ ዕለት ልጆቹ ሲወጡ በሩን ዘግቼ ራሴን ፈተንኩ። ሃምሳ ስምንት። ደገምኩ፣ ስልሳ ሁለት። ሦስተኛ ጊዜ እንደ ቤዝቦል ተንታኝ ድምፄን አወፍሬ ብናገር ሰባ አንድ አገኘሁ። እዚያ ላይ በክብር አቆምኩ።

ከካርቶኑ ጋር አንድ ደብዳቤም ነበር። በሴሚስተሩ መጨረሻ የትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት ሰባ ካልደረሰ "የእንግሊዝኛ ትምህርት በርቀት ይሸፈናል" ይላል። በሰው ቋንቋ ሲነገር ቴዎዱሎ ይባረራል ማለት ነው። ቴዎዱሎ እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ ሰባት ነው፣ ለጡረታ ሦስት ዓመት ይቀረኛል፣ ከጠመኔ በቀር ይዤ የማውቀው ነገር የለም። በኛ ሰፈር የተባረረ አስተማሪ ሎተሪ ሻጭ ይሆናል። የድሮው የሒሳብ አስተማሪያችን ይኸው እስከ ዛሬ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ይሸጣል። ደብዳቤውን ከሰማ ወዲህ ባየኝ ቁጥር "ቦታ ልያዝልህ?" ይለኛል።

እዚህ ላይ የሰፈሩን ልማድ መናገር አለብኝ። ላ ኩርቪታ ውስጥ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያይ ከሰላምታ በፊት "ይመርቁኝ" ይላል። ትልቁም ሰው አፉ ውስጥ ያለውን እያኘከም ቢሆን "እግዜር ይባርክህ" ይላል። ለእናት፣ ለአባት፣ ለአያት፣ ለአክስት፣ ለክርስትና አባት፣ እኛ ዘንድ ለአስተማሪም ጭምር ነው። ጠዋት ጠዋት አርባ ልጅ በክፍሌ በር ላይ አርባ ጊዜ "ይመርቁኝ ፕሮፌ" ይለኛል፤ ፕሮፌ የሚሉት አስተማሪን ነው። እውነቱን ለመናገር ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመረቅኳቸው ቀና ብዬ ሳላያቸው፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጄን እያወዛወዝኩ ነው። እናቴ ካለፈው የፋሲካ ጾም ወዲህ የለችም። እሷ ከሞተች በኋላ እኔን የሚመርቅ የራሴ ትልቅ ሰው አልቀረልኝም፤ ሥራዬ መስጠት ብቻ ሆነ። መስጠት ብቻ ደግሞ ይሰለቻል።

በወሩ የመጀመሪያው ሪፖርት መጣ። ባለ ቀለም ነው፣ ያምራል። ላ ኩርቪታ ከላይ እስከ ታች ቀይ። አማካይ ውጤት፣ ሃምሳ አራት። ዩሌይሲ እንኳ፣ ኒውዮርክ ካለ አጎቷ ጋር በየሳምንቱ በስልክ እንግሊዝኛ የምታወራው ዩሌይሲ እንኳ፣ ስልሳ ስምንት ነው ያገኘችው። ነገሩ ሸተተኝ። በማግስቱ ከኋላዋ ቆሜ አዳመጥኩ።

"እንደምን አደርሽ? ደህና ነሽ?" አለች ሚስ ኬሊ በእንግሊዝኛ።

"ይመርቁኝ ሚስ" አለች ዩሌይሲ በኛ ቋንቋ።

"አልገባኝም። እባክሽ ደግመሽ ሞክሪ።"

ዩሌይሲ ሴትየዋ ጆሮዋ የከበደ መሰላት መሰለኝ፣ ጮክ ብላ ደገመችው። ሚስ ኬሊ አሁንም አልገባትም። ሦስተኛ ጊዜም ተጠየቀች፣ ሦስተኛ ጊዜም አልመረቀችም፤ ሦስት ዜሮ ሰጥታ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። በአንድ ትምህርት የሚቆጠረው አሥር መልስ ነው፣ እያንዳንዱም እስከ አሥር ነጥብ አለው። ልጆቼ ገና "ደህና ነኝ" ሳይሉ ሠላሳው ይሄዳል። የቀረውን አንድም ሳይስቱ ቢመልሱ ጣሪያቸው ሰባ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ እሷ እኮ ማሽን ናት" አልኳት።

"አውቃለሁ ፕሮፌ።"

"ታዲያ ማሽን ይመርቃል?"

"ድምጿ የትልቅ ሴት ነዋ። ሳልጠይቅ ብጀምር አያቴ ትሰማለች።"

"አያትሽ ቤቷ ተቀምጣ በየት በኩል ነው የምትሰማው?"

"አያቴን አያውቋትም እንዴ?"

አውቃታለሁ። ዶኛ ኤርሲሊያን የማያውቅ ከባራኦና ከተማ እስከ ድንበሩ የለም፤ ዶኛ የምንለው ወይዘሮን ነው። ቢሆንም ከሎተሪ ለመዳን ስል ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰሌዳው አጠገብ "ሚስ ኬሊን ይመርቁኝ ማለት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ።

ዶኛ ኤርሲሊያ በማግስቱ ፀጉሯ ላይ ቢጉዲኗን እንደጠቀለለች መጣች። ከኔ የምትበልጠው በሁለት ዓመት ነው፤ ግን አያት ከሆነች ወዲህ የምታናግረኝ አሥር ዓመት እንደሞላው ልጅ ነው።

"ቴዎዱሎ፣ ልጆቹን ባለጌ እያደረግክ ነው አሉኝ።"

"ዶኛ ኤርሲሊያ፣ ነገሩ እንዲህ ነው..."

"ነገሩን ተወው። ሴትየዋን አሳየኝ።"

ታብሌቱን ሰጠኋት። ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ፣ እንደሚያፈስ ድስት ከልብሷ አርቃ ያዘችው።

"አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?"

"አልገባኝም። እባክሽ ደግመሽ ሞክሪ።"

"ምን አለች?"

"እንደገና ይሞክሩ ነው ያለችው።"

"እኔ ልሞክር? ስምንት ወልጄ፣ ስምንቱንም ሰው አድርጌ፣ አሁን ገና እኔ ልሞክር?" ታብሌቱን በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። "ይህቺ እናት የላትም። ልጆቹ መጠየቃቸውን አያቆሙም። አንድ ቀን ራሷ ታፍርና ትመርቃለች።"

ወረቀቴን ከግድግዳው ነቅላ፣ አራት አድርጋ አጥፋ፣ ጡቷ ስር ከትታው ሄደች። ታብሌት ያፍራል ብላ ከምትጠብቅ ሴት ጋር ምን ይባላል? ያን ቀን ሎተሪ ሻጩን "ቦታውን ያዝልኝ" አልኩት። የምቀልድ መሰለውና ሳቀ። እኔ ግን መሮኝ ነበር።

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኢንስፔክተር አማውሪስ ከዋና ከተማ መጣ። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል፣ በቦርሳው የኔን የስንብት ደብዳቤ ይዟል፤ የሚቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። ከመፈረሙ በፊት ክፍሉን ልይ አለ። ተቀምጦ አርባ ልጅ አርባ ታብሌት ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ "ይመርቁኝ" ሲል ሰማ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ምርቃት ነው ኢንስፔክተር።"

"እሱማ ገባኝ፣ እኔም እዚሁ አገር ነው ያደግኩት። ግን ይሄ የመረጃ ብክለት ነው። ልማዳችሁን ከክፍል ውጭ ተዉት።"

"ለዶኛ ኤርሲሊያ እርስዎ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።"

ማን እንደሆነች አልጠየቀኝም። ኮቱን አስተካከለና ወደ ልጆቹ ዞረ። "አሁን ዝም ብላችሁ እዩኝ። እንደ ሠለጠነ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ።" ስልኩን ከፊቱ አስቀመጠ፣ ታብሌቱን በራሱ ስም ከፈተ።

"እንደምን አደርክ? ደህና ነህ?" አለች ሚስ ኬሊ።

"በጣም ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ" አለ በእንግሊዝኛ። አሥር ከአሥር። እንግሊዝኛው እውነትም ያምር ነበር፣ ቀናሁበት።

"አሁን ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ" አለች።

በዚህ መካከል ስልኩ ጠራ። ስክሪኑ ላይ "እማዬ" የሚል ጽሑፍና ኬክ የያዘች ሴት ፎቶ ወጣ። ዝም ሊለው አስቦ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ግን አርባ ልጅ እያየው የእናቱን ስልክ ዝም የሚል ሰው እዚህ ደሴት ላይ ገና አልተወለደም። ኢንስፔክተሩ ስልኩን ተጫነ፣ ድምፁ ለክፍሉ ሁሉ ተለቀቀ።

"ይመርቁኝ እማዬ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"እግዜር ይባርክህ የኔ ልጅ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ ከመኪና..."

"አልገባኝም። እባክህ ደግመህ ሞክር" አለች ሚስ ኬሊ።

"ማናት እሷ?"

"ማንም አይደለችም እማዬ፣ ማሽን ናት።"

"የሴት ድምፅ ነው የሰማሁት። እኔ ልጄን ስመርቅ ነው የምታቋርጠኝ? ደግሞ ምኑ ነው ያልገባት?"

"እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ..."

"ሥራ ላይማ ነው ምርቃት የሚያስፈልግህ። ከመኪና ይሰውርህ፣ ከምቀኛ ይሰውርህ፣ ምሳ በልተሃል?"

ሚስ ኬሊ የእናትየዋን ንግግር አንድ በአንድ እንደ መልስ ትቆጥር ነበር። ከምቀኛ፣ ዜሮ። ምሳ በልተሃል፣ ዜሮ። እናትየዋ የአክስቱን ጉልበት ሕመም ተርካ ስትጨርስ ትምህርቱም አብሮ አለቀ። ውጤት፣ ከመቶ አሥር።

ከፊት ወንበር ያለው ዊልኪን አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን አየና "ፕሮፌ፣ ኢንስፔክተሩም ቀይ ሆኑ" አለኝ።

"ዝም በል" አልኩት። አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ።

ኢንስፔክተሩ ውጤቱን ሊያጠፋው ሞከረ። አይጠፋም፤ በስሙ ተመዝግቦ ዋና ከተማ ደርሷል። ደብዳቤዬን ሳይፈርም ወደ ቦርሳው መለሰና እዚያው ተቀምጦ ሪፖርት ጻፈ። ልጆቼ ሦስት ወር ዜሮ ሲያገኙ "ደካማ ተማሪዎች" ነበሩ። እሱ አንድ ቀን ሲያገኝ "የሥርዓቱ ከአካባቢያዊ የንግግር ልማድ ጋር ያለመጣጣም ክፍተት" ሆነ።

በሳምንቱ ሚስ ኬሊ ተሻሽላ መጣች። አሁን "ይመርቁኝ" ሲሏት፣ አረቄ እየጠጣ መንገድ እንደሚጠይቅ ቱሪስት ባለ አነጋገር፣ በኛ ቋንቋ "እግዜር ይባርክህ" ትላለች፤ ሙሉ አሥር ነጥብም ትሰጣለች። የድሮው ውጤትም እንደገና ታርሞ የሴሚስተሩ አማካይ ሰማንያ አንድ ሆነ። ሥራዬ ተረፈ፣ የእንኳን ደስ ያለህ ደብዳቤም ደረሰኝ። ዶኛ ኤርሲሊያ እንደገና መጥታ ታብሌቱን ፈተነችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ "አልነገርኩህም? አፈረች" አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለሦስት ቀን ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን በክፍሌ በር ላይ ቆሜ አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማኝ። ልጆቹ በአጠገቤ እየሮጡ ያልፋሉ፣ ታብሌቱን ይከፍታሉ፣ "ይመርቁኝ ሚስ" ይላሉ። እሷ ትመርቃለች፣ አሥር ነጥብም አላት። እኔ ጋ ነጥብ የለም። እጄ ዝንብ ለማባረር ተነሥቶ ባዶውን ቀረ። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ በታብሌት ቀናሁ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲወጡ አንዱን ታብሌት በስሜ ከፈትኩ።

"እንደምን አደርክ? ደህና ነህ?"

"ይመርቁኝ" አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁት ከጾሙ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

"እግዜር ይባርክህ" አለች። አሥር ከአሥር። ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቅሁ፤ እናቴ ከመረቀችኝ በኋላ ሁልጊዜ "ከስተሃል፣ ና ብላ" ትለኝ ነበር።

"አሁን ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ" አለች ሚስ ኬሊ።

በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። የሚያስፈልጉኝ ቃላት ከመዝገበ ቃላቱ በተገነጠለው በኩል ነበሩ መሰለኝ፣ አልመጡልኝም። በራሴ ቋንቋ ቀጠልኩ፣ ስለ እናቴ። አልገባኝም፣ ደግመህ ሞክር አለች፤ ደግሜ ነገርኳት። ትምህርቱ እስኪያልቅ ነገርኳት። ከመቶ አሥር አገኘሁ፣ ልክ እንደ ኢንስፔክተሩ።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ መጣሁና በሩን በሰውነቴ ዘጋሁት። መጀመሪያ የደረሰው ዊልኪን ነበር። በጎኔ ሊሾልክ ሲል ትከሻውን ያዝኩት፣ ፊቱን ቀና አድርጌ አየሁት። የግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለው ያን ቀን ነው ያየሁት።

"እግዜር ይባርክህ" አልኩት።

"ሳልጠይቅዎት?"

"ሳትጠይቀኝ።"

"ነጥብ አለው ፕሮፌ?"

"የለውም።"

ዊልኪን ወደ ታብሌቶቹ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ትንሽ አሰበ።

"እሺ፣ ግን በትክክል እናድርገው" አለና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ አዲስ መጣ። "ይመርቁኝ ፕሮፌ።"