እማማ አጠገብ

ቪልማ በሴኬሽፌሄርቫር ከተማ የአገሩ የጥንት ነገሥታት የተቀበሩበትን ፍርስራሽ ስታስጎበኝ የሚተነፍስ የለም። ቱርኮች ታላቁን ቤተ ክርስቲያን የባሩድ መጋዘን እንዳደረጉት፣ ባሩዱ ፈንድቶ ጣሪያው እንደወረደ፣ የተረፈውን ድንጋይ ደግሞ ሰው እየጫነ ቤት እንደሠራበት ትተርካለች። «የየትኛው ንጉሥ አፅም የቱ እንደሆነ ማን ይወቀው? ሙታኑን የማይጠብቅ ሰው መጨረሻው ይሄው ነው!» ስትል ፊቷ ይቀላል። በሌላው ጥፋት ላይ ምላሷ ስለት ነው።

ከወንድሟ ከቤርታላን ጋር ግን እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ተኳርፈው ኖረዋል። የጸቡ መነሻ ሲወራ ያሳፍራል፤ የእናታቸው የወይን መጭመቂያ ነው። እሱ ወሰደው፣ እሷ ሌባ አለችው፣ በዚያው ተቆራረጡ። በየዓመቱ የሙታን ቀን ሲደርስ ከተማው በሙሉ አበባና ሻማ ይዞ ወደ መቃብር ሲጎርፍ፣ እሷ «እሱ ይሄድላታል፤ ዓይኑን ከማይ» ብላ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ቤርታላን ከሆስፒታል ደወለ።

«እህት ዓለም፣ እኔ ነኝ። ጉበቴ አልቆለታል።»

«ምን? አንተ ቤርታላን! ምን ሆነህ ነው?»

«በቃ፣ አታልቅሺ። ስትሰድቢኝ ይሻለኛል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እማማ አጠገብ ቅበሪኝ። ቦታው ለሁለት ይበቃል።»

በማግስቱ ቪልማ መጥረጊያና ሻማ ይዛ መቃብሩ ጋ ሄደች። ከዋርካ የማይተናነሰው ዛፍ ሥር የእናቷ ነጭ ድንጋይ የለም። በቦታው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል፤ «የሃይዱ ቤተሰብ» ይላል። አበባው ገና ትኩስ ነው። ሻማዋን እንደያዘች ወደ መቃብሩ ቢሮ ገሰገሰች።

«እናቴን የት አደረሳችኋት?» ብላ የመቃብር ቢሮዋን ሴትዮ አፋጠጠቻት።

«እትዬ፣ ቦታው በየሃያ አምስት ዓመቱ እንደሚታደስ ያውቃሉ። ካልታደሰ ለሌላ ይሰጣል።»

ታውቃለች። ይህን የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም፤ የእናቷ ሃያ አምስት ዓመትም ካለፈ ቆይቷል።

«ታዲያ እንዴት አትነግሩንም?»

«ድንጋዩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፈን ዓመት ሙሉ ጠበቅን። አንድ ቀን ብቅ ያለ ሰው ያየው ነበር።» ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አሁን የእናትዎ አፅም ከሌሎቹ ጋር በጋራው ጉድጓድ ነው። ለይቶ ማውጣት አይቻልም።»

ቪልማ ወንድሟን ልትወቅሰው ቆርጣ ሆስፒታል ገባች። እማማን ጥለህ ምን ሆነህ ነበር ልትለው ነው። አልጋው ላይ ያገኘችው ግን ቆዳና አጥንቱ ብቻ የቀረ ሽማግሌ ነው።

«ሄድሽ?» አላት።

«ሄድኩ።»

«አንቺማ መቼም አትረሻትም። እኔ ሌባው፣ እንዳልገጥምሽ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላውቅም። ቪልማ አለችላት እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ልትወቅሰው የመጣችበትን ትታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጥፋቱ የሁለቱም ነው፤ ለእሱ ግን ከዚህ በኋላ የሚጸጸትበት ጊዜ እንኳ አልቀረለትም።

«እማማ አጠገብ ነው አይደል?» አለና እጇን ያዘ።

«እዚያው አጠገቧ።»

«እንዲህማ አይሆንም፣ ማይልኝ። የእማማ አጥንት ይውጋኝ በይ።»

ቪልማ ዓይኖቹን ሽሽት ወደ መስኮቱ ዞረች።

«የእማማ አጥንት ይውጋኝ» አለች።