ሌባ ሻይ በጎማ

ማሽኑ በሁለት የገብስ ክምር መካከል ድንገት ቀጥ አለ። ግንባሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ቢጫ ሆነች፤ ጀርባው ላይ የጫነው ጆንያ አንዴ ተንገጫግጮ ጸጥ አለ። ከተከፈተው በር የዳባት ንፋስ እብቁን እየነዳ ያስገባል። ማሽኑ ግን ማንም ያላየውን ነገር ያየ ይመስል አፍጥጦ ቀረ።

«ምን ሆኖ ነው የቆመው?» አለች ሕሊና፣ ሰማያዊ ጋዋኗን ደረቷ ላይ ሰብስባ።

የመጋዘኑ ኃላፊ እሷ ናት። ገበሬዎቹ በማኅበር ያቋቋሙት መጋዘን ጆንያ የሚያመላልስ ማሽን ሊገዛ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ዛሬ ለሊቀመንበሩ የምትነግረው እሷ ናት። አንደኛውን ጠራጊዎቹ ሴቶች ገና በጠዋቱ «ዕውሩ» ብለውታል። መሬት ላይ የተለጠፈለትን ጥቁር መስመር ከመከተል በቀር ሌላ አያውቅም፤ ጠዋት እብቅ መስመሩን ሲሸፍንበት ደርቆ ቀርቶ፣ የተንቀሳቀሰው ሴቶቹ ከጠረጉለት በኋላ ነው። ይህኛው ግን ዓይን አለው። መጋዘኑን ብቻውን እየዞረ ይማራል፤ ሰው ሲገጥመው ዞር ብሎ ያልፋል።

ማሽኖቹን ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣው ሻጭ፣ ድረስ፣ ታብሌቱን እያየ ፈገግ አለ። ሕሊና ያን ፈገግታ ከጠዋት ጀምሮ አልወደደችውም። ወጡን ሳይቀምስ የሚያመሰግን እንግዳ ይመስላታል።

«ተበላሽቶ እንዳይመስልሽ፤ አይቶ ነው» አለና ታብሌቱን አዞረላት። ስዕሉ ላይ የፈሰሰ ገብስ ቀጭን መስመር ሠርቶ ከማሽኑ ጎማ ሥር ተነስቶ እስከ አንድ ጆንያ ግርጌ ድረስ በቀይ ተሰምሯል። «ይሄ ጆንያ ተበስቷል። ዕውሩ ቢሆን ረግጦት ያልፍ ነበር።»

በሩ አጠገብ የቆሙት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ።

በዚህ መጋዘን ልማድ፣ ወለል ላይ የፈሰሰ እህል የጠራጊዎቹ ነው። ማንም አልጻፈውም፤ ማንም አልሻረውም። ከጥራጊው እብቁን አንፍሰው፣ ጠጠሩን ለቅመው ልጆቻቸውን ያበሉበታል። ዘንድሮ ግን ጆንያዎች ሚዛን ላይ ሲወጡ መጉደል አበዙ። ሊቀመንበሩ አቶ እንዳለው፣ «ጆንያውን የሚበላው ጥራጊው ነው፤ ማስረጃ ባገኝ አንዲቷን አላስቀርም ነበር» ካሉ ወዲህ ሕሊና ሳታስበው የሴቶቹን እጅ ማየት ጀምራለች። መቀነታቸውን፣ የነጠላቸውን ጫፍ፣ ሲያጎነብሱ የሚቆዩበትን ጊዜ። ራሷን ትታዘባለች፤ ግን ማየቷን አልተወችም።

«እሰይ!» አሉ የጠራጊዎቹ አለቃ እትዬ በለጠች፣ መጥረጊያቸውን እንደተመረኮዙ። «ሌባ ሻይ በጎማ መጣልን!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልረዘመም።

«ምንድን ነው ሌባ ሻይ?» አለ ድረስ።

«ድሮ ነው የኔ ልጅ። ዕቃ ተሰርቆ ሌባው ሲጠፋ ለአንድ ጎረምሳ መድኃኒት ያጠጡታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል።» እትዬ በለጠች ወደ ሕሊና ዞሩ። «የወደቀበት ቤት ሁሉ ግን የሌባ አልነበረም ይላሉ።»

የሕሊና ዓይን ወደ መቀነታቸው ሄደ። እትዬ በለጠች ይህን የሚሉት ለምንድን ነው? ንጹሕ ሰው አስቀድሞ ይከራከራል? ደግሞ ድረስስ? ጠዋት ክምሩ መካከል ሲመላለስ ነበር። የሚሸጠው ዓይን እንዲወደድለት የሚታይ ነገር ራሱ አዘጋጅቶ ቢሆንስ?

ሄዳ ከጆንያው ፊት ተንበረከከች። ቀዳዳው የጣት ጫፍ ያህላል። ቢላ ቢሆን ክሩን ይቆርጠው ነበር፤ እዚህ የተቆረጠ ክር የለም። ክሮቹ ግራና ቀኝ ተገፍተው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል።

እጇ ሳታዘው ወደ ኪሷ ገባ። ቀዝቃዛውን ብረት ነካች፤ ከጆንያ ሆድ ናሙና የምታወጣበት፣ ጫፉ የሾለ፣ ወገቡ እንደ አሸንዳ የተቦረቦረ ብረት ነው። ቡርቡሩ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ገብስ ቀርቷል።

ጠዋት ናሙና እያወጣች ሳለ ድረስ ከወዲያኛው ጥግ «ቆመ! ቆመ!» ብሎ ጮኸ። ዕውሩ እብቅ ውስጥ ገብቶ ነበር። ብረቱን መዝዛ ሮጠች። በብረቱ ጫፍ ክሮቹን አሻሽታ ቀዳዳውን መድፈን ነበረባት፤ ረሳችው። ይህን ያሳዩዋት ሥራ በጀመረችበት ዓመት እትዬ በለጠች ናቸው፤ «የወጋሽውን ዝጊ ልጄ፤ ገብስና ወሬ ቀዳዳ ካገኙ አይመለሱም።»

የጎደሉት ሌሎቹ ጆንያዎችስ? ስንት ጠዋት እንዲህ ሮጣለች? አታውቅም። ሴቶቹ ናቸው ለማለትም፣ አይደሉም ለማለትም የሚያበቃት ነገር የላትም። ዕውሩን ብትመርጥ ይህ ሁሉ አብሮ ይጠረጋል፤ ማንም አይቶ አይጠይቃትም።

«ፎቶውን ለሊቀመንበሩ ላሳያቸው?» አለ ድረስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ብቻ ይበቃቸዋል።»

አቶ እንዳለው ጋቢያቸውን እያጣፉ በበሩ ገቡ።

«እህሳ ሕሊና፣ የትኛው ሆነ?»

እትዬ በለጠች መጥረጊያቸውን ይዘው ከፈሰሰው ገብስ ራስጌ ቆሙ። ቀዳዳውን አዩ። ከዚያ የሕሊናን ኪስ አዩ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም።

«ልጥረገው» አሉ፣ «ወይስ ይቆይ?»

ሕሊና ብረቱን ከኪሷ አወጣች። ሰው ሁሉ እያያት የጆንያውን ክሮች በጫፉ አሻሸች፤ ገብሱ መፍሰሱን አቆመ።

«ይቆይ» አለች። ተነስታ ወደ ድረስ ዞረች። «ማሽኑ ቦታውን ሲማር ያየውን ይዞታል?»

«ሁሉንም። ለምን?»

«ወደ ጠዋቱ መልሰው። አቶ እንዳለው፣ ከመምረጤ በፊት አብረን እንየው።»

ድረስ አመነታ፤ ከዚያ በጣቱ ስዕሉን ወደ ኋላ ጎተተው። ባዶ መተላለፊያ ታየ። የገብስ ክምር። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ ጋዋን የለበሰ ሰው ጀርባ ከክምሩ ሥር ጎንበስ አለ። አቶ እንዳለው መነጽራቸውን አስተካክለው ተጠጉ። ሴቶቹም አንድ በአንድ ከበሩ እየለቀቁ መጡ።

ስዕሉ ውስጥ ያለው ሰው ገና ፊቱን አላዞረም።