ብቻውን የቀረው ድንጋይ

መሳቢያውን ስትከፍት ጥንድ የባትሪ ድንጋዮች ያሰረችበት ላስቲክ ባዶውን ነው። አጠገቡ አንዱ ድንጋይ ብቻውን ተጋድሟል፤ ወገቡ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር በራሷ ጽሑፍ «ብርቱ» ይላል።

የምትሠራው በሆስፒታል የመሣሪያ ጥገና ክፍል ነው። የልብ ማስነሻ መሣሪያው የሊትየም ድንጋዮች፣ ጉልበት ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም፣ ቀናቸው ሲደርስ ይወጣሉ። ለመጣል አንጀቷ ስለማይችል አለቃዋን አስፈቅዳ ወደ ቤት ታመጣቸዋለች። አምፖል እያበራችባቸው ትለካለች፤ ልካቸው እኩል የሆነውን ሁለት ሁለት አድርጋ በላስቲክ ታስራለች። አቻ ያጣው፣ አንድ ድንጋይ ብቻ ለምትጎርሰው ትንሽ መብራት ይሆናል። የወንድሟ የእጅ ባትሪ ግን ሁለት ይጎርሳል።

«እማዬ! እዚህ መሳቢያ ውስጥ ማን ገባ?»

«እኔ ነኛ!» አለች እናቷ ከጓዳ፣ ማንኪያ እንደያዘች ብቅ ብላ። «ወንድምሽ መብራቴ ደከመብኝ ቢለኝ ቀየርኩለት።»

«ታዲያ ይኼኛው ለምን ተረፈ?»

«አንቺ ብርቱን ከብርቱ፣ ደካማን ከደካማ ታስሪያለሽ። ደካሞቹ ምን ይዋጣቸው? እኔ አንድ ብርቱ ብቻውን ከቀረው ደካማ ጋር አደረግኩለት። ይደግፈዋል ብዬ ነዋ።»

ብርቱው አይደግፍም። ደካማው ሲያልቅበት እንኳ እየገፋ በግድ ያሠራዋል፤ ያኔ ደካማው ከውስጡ ይግላል፤ በታሸገው የብረት ቱቦ ውስጥ መውጫ ሲያጣ ደግሞ ይፈነዳል። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነ የእጅ ባትሪ አይታለች፤ የኋላ ክዳኑ ኮርኒስ ውስጥ ተሰክቶ ነበር።

ወንድሟ ደግሞ የሊፍት ጠጋኝ ነው። ሁለት እጁ ሥራ ላይ ሲሆን መብራቱን የሚይዘው በጥርሱ ነው። «ሦስተኛው እጄ» ይለዋል።

«ይፈነዳል እኮ! አፉ ውስጥ ነው የሚይዘው!» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው በሩን በርግዳ ወጣች።

እየሮጠች ደወለች። በሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ስልክ እንደማይሠራ ታውቃለች፤ ቢሆንም ደወለች። ወንድሟ ዛሬ የሚሠራበት ሕንፃ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ «ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ እህቴ» አላት።

«ጠጋኙ የት ነው?»

«አራተኛ ፎቅ። ኧረ ቀስ በይ፣ ፎቁ ጥሎሽ አይሄድም!»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘለለችው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሊፍቱ በር ተከፍቶ ሰው እንዳያልፍ ገመድ ተወጥሮበታል። ወንድሟ ከሊፍቱ ጣሪያ ላይ ተንበርክኮ ሁለት እጁን ሽቦ ውስጥ ከቷል። ብትጮህ ደንግጦ እንዳይወድቅ ፈራች። ጩኸቷን ዋጠችው።

«አንተ። ከአፍህ አውጣው።»

«እምም?» ብሎ ዞረ። ፊቱ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ነጭ ብርሃን ብቻ ነበር። ዐይኗ እያየ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ወረደ።

«አውጣው አልኩህ!»

አወጣው። «ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ ጥርሴን ልትመረምሪ መጣሽ?»

«ጣለው።»

«አብደሻል እንዴ? ድንጋዩ እኮ ገና ዛሬ—»

«በእማዬ ሞት! ጣለው!»

በእናታቸው ሞት ቀልዳ አታውቅም። በሊፍቱና በግድግዳው መካከል ወዳለው ክፍተት ለቀቀው። ብረቱ እየተጋጨ ሲወርድ ሰሙት። ከዚያ ዝም አለ። ወንድሟ አንድ ነገር ሊላት አፉን ሲከፍት ከታች ጓ አለ፤ የቆሙበት ወለል ተንቀጠቀጠ፤ ነጭ ጭስ በክፍተቱ ሽቅብ መጣ። ቀበቶውን ይዛ በገመዱ ላይ ጎተተችው። በደረጃው ወረዱ፤ ዘበኛውንም አስነስተው አብረው ወጡ።

ከመንገዱ ማዶ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። ወንድሟ ከንፈሩን በጣቱ ደጋግሞ ነካው።

«ሞቆኝ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ብረቱ። ቅድም ጀምሮ ሞቆኝ ነበር። የአፌ ሙቀት መስሎኝ።»

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት። «አገኘሽው? ልጄ፣ አገኘሽው ወይ?»

ስልኩን ወደ ወንድሟ አፍ አስጠጋችለት።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለ።

«እስቲ ድገመው» አለች እናቱ።